«ይቻላቸዋል» ምን አጠፋ?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የአድዋ ጦርነት ለምን ተነሳ?

አዎ፣ አውቃለሁ። «በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የትርጉም ስህተት።» ሁላችንም በዚህች መልስ ሙሉ ነጥብ አግኝተንባታል። እኔም አቦከር ቁጭ ብዬ በቃሌ ሸምድጄ አግኝቻለሁ። ዛሬ ግን ነጥቤን መመለስ አማረኝ።

ሰሞኑን ደግሞ የባሰ ሰማሁ። አንድ የተማረ ሰው፣ ያውም ማኪያቶውን እያማሰለ፣ «ጥፋቱ የአማርኛ ነው፣ ሰምና ወርቅ የለመደ ቋንቋ ለውል አይሆንም» አለን። ጠረጴዛው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ነቅንቄ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣሊያንኛው «ኮንሴንቴ» ይላል። ትምህርት ቤት «ይገደዳሉ ይላል» ተብለን ነበር አይደል? አይልም። ኮንሴንቴ ማለት «ይስማማሉ» ነው። ልስልስ ያለች፣ ጨዋ ቃል። ግን ውል ላይ አንዴ «እስማማለሁ» ካልክ ታስረሃል፤ «እችላለሁ» ካልክ ግን ብትፈልግ ታደርገዋለህ፣ ባትፈልግ ትተወዋለህ።

አሁን ወደ ማኪያቶው ሰውዬ ልመለስ። «ይቻላል» ብዙ ፊት አለው፣ እውነት ነው። አቅምም ነው፣ ፈቃድም ነው፣ «ሊሆን ይችላል»ም ነው። እዚህ ሐረር ይሄን ለማወቅ ቋንቋ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ኦሮምኛ የሚናገረው ጎረቤትህ አቅምን «ዳንዳኡ»፣ መፍቀድን «ሀየሙ» ብሎ ለየብቻ ያስቀምጥልሃል። እንግሊዝኛው «ሜይ» ደግሞ ፈቃድንና «ሊሆን ይችላል»ን አንድ ላይ ይጠቀልላል። ጣሊያንኛስ? ጣሊያንኛ «ፑኦ» የምትል ቃል አለችው። አቅምም፣ ፈቃድም፣ ይሆናልም ናት። የ«ይቻላል» መንታ እህት በሏት! ለተርጓሚ ከዚህ የቀለለ ሥራ የት ይገኛል? ቃሏ እዚያው ደጅ ላይ ቆማ ሳለ አልፈዋት ሄደው ሌላ አመጡ። ይህ ስህተት ከተባለ፣ ኪስ የሚያወልቅ ሰው ሁሉ እጁ ተሳስቶበት ነው።

ይኸው ምሁራንም ተከራክረውበታል። በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ስዊድናዊው ስቬን ሩቤንሰን ጥፋቱን የጣሊያኑ ተደራዳሪ የኮንት አንቶኔሊ ሲያደርገው፣ ጣሊያናዊው ካርሎ ጂልዮ አልተቀበለውም። እኔ ሩቤንሰን ጋር ነኝ። ከቃሉ ይልቅ ደግሞ ከቃሉ በኋላ የተሠራውን አያለሁ። ጥቅምት 2 ቀን 1882 ጣሊያን የበርሊንን ስምምነት ጠቅሳ ለኃያላኑ ሁሉ አንቀጽ 17ን አስታወቀች። ያኔ የኛው የሐረር ገዢ መኮንን (ገና ደጃዝማች ነበሩ) የምኒልክ መልእክተኛ ሆነው እዚያው ጣሊያን አገር ነበሩ። እንግዳው እቤት ተቀምጦ፣ ቤቱ በስተጀርባው ይሸጣል! በኋላ ምኒልክ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለጀርመኑ ቄሣር ሲጽፉ «በጣሊያን በኩል ላኩ» የሚል መልስ መጣላቸው። ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን አንቀጽ 19 ነው። ማንም አይጠቅሰውም። ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም ስለሚስማሙ ሁለቱም እኩል የታመኑ ናቸው ይላል። ማን አንብቦ ነው የሚስማሙት? (በ1883 አንቶኔሊም ቀመሳት፤ በፈረመው የአማርኛ ወረቀት ላይ አንቀጽ 17 ቀርቷል የሚል መኖሩን ሲያውቅ አበደ።) የዛሬው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ሲል፣ የአንቀጽ 19ን ቀዳዳ የደፈነ ይመስለኛል።

እና እኛስ? እኛ ንጹሕ ነን?

ሥራ ፈላጊ ሳለሁ ጎረቤታችን አንድ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ልጇን ለመርዳት ያመለከተችበት ቦታ የላከላት ነው። «ጋዜጠኛዋ፣ አንብቢልኝ» አለችኝ። ሊደውሉላት ይችሉ ይሆናል ይላል፤ ያቺው «ሜይ» አለችበት። እኔ ቸኩዬ ነበር። «ይደውሉልሻል» አልኳት። (አንቱታ ለአዲስ አበቦች፤ ሐረር ላይ እናትሽንም አንቺ ነው።) ሴትዮዋ ስልኳን መሀረብ ውስጥ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አድርጋ አራት ወር ጠበቀች። ገበያ ስትወጣ ለልጇ ትታለት ትሄድ ነበር። ማንም አልደወለም። እነሱ አልዋሹም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ በአንዲት ግሥ።

በኋላ ዜና ክፍል ገብቼ ሳይ ግን ብቻዬን አይደለሁም። «ሊዘንብ ይችላል» የሚለው «ይዘንባል»፣ «ሊታገድ ይችላል» የሚለው «ታገደ» ሆኖ ይወጣል። ለምን ስትሉ «ርዕሱ እንዲስብ» ይሏችኋል። አንቶኔሊ ቢያንስ አገር ፈልጎ ነው፤ እኛ አንባቢ ፈልገን። «የትርጉም ስህተት» የሚለው ስም የሚመቸንም ለዚህ ይመስለኛል። ስህተት ከሆነ አድራጊ የለውማ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ሌላ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ይደውላሉ?»

«ሊደውሉም ላይደውሉም ይችላሉ ይላል።»

ትንሽ ዝም አለችና፣ «ታዲያ ያኛውስ እንዲህ ነበር የሚለው?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።