ከማጥለቅ እስከ ማውለቅ፦ የጓንት አጠቃቀም ጥናቶች ሊለኩት የሚገባው

በጤና ተቋማት ውስጥ የኢንፌክሽን መከላከል ተግባርን የሚመረምሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች በብዛት የሚጋሩት አንድ ጥያቄ አለ። በምልከታ ቅጹ ወይም በመጠይቁ ላይ «ባለሙያው ጓንት አጥልቋል?» የሚል መስመር ይገኛል፤ ከጎኑም «አዎ» እና «አላጠለቀም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች። ምልክቶቹ ተደምረው በመቶኛ ይሰላሉ። መቶኛው ከፍ ካለ ተግባሩ መልካም፣ ዝቅ ካለ ደካማ ይባላል። ይህ ጥያቄ ግን ብቻውን ሲቀርብ የሚለካው የጓንት ፍጆታን እንጂ የኢንፌክሽን መከላከልን አይደለም።

ለአብነት በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምትሠራ አንዲት ነርስን ማሰብ ይበቃል። ጓንት ታጠልቃለች፤ የአንዱን ሕፃን የሽንት ጨርቅ ትቀይራለች፤ በዚያው ጓንት የካኑላውን መክፈቻ ትነካለች፤ የኦክስጅኑን ቱቦ ታስተካክላለች፤ ካርዱ ላይ ትጽፋለች፤ ከዚያም ወደ ሁለተኛው አልጋ ትሻገራለች። ተመልካቹ «አዎ» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋል። ሌላዋ ነርስ ደግሞ እጇን በአልኮል አሽታ፣ ያለ ጓንት የሕፃኑን ሙቀት ለክታ፣ እጇን እንደገና አሽታ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። እርሷ «አላጠለቀችም» ተብላ ትመዘገባለች። ቅጹ የመጀመሪያዋን ያመሰግናል፣ ሁለተኛዋን ይወቅሳል፤ ለሕፃናቱ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጨቅላ ሕፃናትን ለሞት ከሚዳርጉት የደም ኢንፌክሽኖች መካከል እንደ ክሌብሴላ ባሉ፣ ብዙ መድኃኒቶችን በተላመዱ ባክቴሪያዎች የሚመጡ ይገኙበታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ከአልጋ ወደ አልጋ ለመሻገር የግድ ባዶ እጅ አያስፈልጋቸውም፤ በጓንት ላይም ይጓዛሉ።

ይህ ዓይነቱ የአለካክ ስሕተት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ከጓንት ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ሃልስቴድ፣ እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ፣ ቀጫጭን የጎማ ጓንቶችን ያሠራው ነርሷ የካሮላይን ሃምፕተን እጅ በጸረ ተሕዋስያን ኬሚካል ስለተጎዳ ነበር። የታሰበው የሠራተኛዋ ቆዳ ነው፤ ጓንቱ ለታካሚው የሚሰጠው ጥቅም ጎልቶ የታየው ቆይቶ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ የኤችአይቪ ሥጋት የምርመራ ጓንትን የዕለት ተዕለት ዕቃ ሲያደርገው በቅድሚያ የታየው አሁንም የሠራተኛው ደኅንነት ነበር። ስለዚህ ጓንት ከመነሻው ሁለት ዓላማዎችን ተሸክሟል፤ ሠራተኛውን መጠበቅና ታካሚውን መጠበቅ። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ሠራተኛው ራሱን የሚጠብቅ የሚመስለው ጓንቱን ባጠለቀበት ጊዜ ሁሉ ነው፤ ታካሚው የሚጠበቀው ግን ጓንቱ በወቅቱ ሲወልቅ ነው። «አጥልቋል?» የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያውን ዓላማ ብቻ ያያል።

ለሠራተኛውም ቢሆን ጓንት ፍጹም ግድግዳ አይደለም። ጓንት በፋብሪካ ሲፈተሽ 1000 ሚሊ ሊትር ውኃ ተሞልቶ ይንጠለጠላል፤ ያፈስስ እንደሆነም ይታያል። ፍተሻው የሚካሄደው በናሙና ሲሆን፣ በአውሮፓ ኢኤን 455 መስፈርት የተቀመጠው የጥራት ወሰን 1.5 ነው። ይህም ማለት ተቀባይነት ባገኘ የምርት ስብስብ ውስጥ እንኳ ጥቂት ጓንቶች ቀዳዳ ሊኖራቸው እንደሚችል መስፈርቱ ራሱ አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። በዚህ ላይ በሥራ መካከል የሚፈጠር መቀደድ፣ በማውለቅም ጊዜ የእጅ መበከል ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የእጅ ንጽሕና መመሪያ ጓንት የእጅ ማጽዳትን እንደማይተካ ያስቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። አምስቱ የእጅ ማጽጃ ወቅቶች፣ ማለትም ታካሚን ከመንካት በፊት፣ ንጽሕና ከሚጠይቅ ተግባር በፊት፣ ከሰውነት ፈሳሽ ንክኪ በኋላ፣ ታካሚን ከነኩ በኋላና የታካሚውን አካባቢ ከነኩ በኋላ ያሉት፣ ጓንት በመኖሩ አይቀሩም።

ከአጠቃቀሙ ባልተናነሰ ምርጫውም ከጥናቶች ዓይን ይሰወራል። ለቀዶ ሕክምናና ለማዋለድ ከተሕዋስያን ፈጽሞ የጸዳ ጓንት ያስፈልጋል። ደም ለመቅዳት፣ ካኑላ ለመትከልና የማሕፀን ምርመራ ለማድረግ ንጹሕ የምርመራ ጓንት ይበቃል። የደም ግፊትና ሙቀት ለመለካት፣ በጡንቻ ወይም ከቆዳ ሥር መርፌ ለመውጋት፣ ታካሚን ለማጓጓዝ ግን፣ የተለየ የንክኪ ጥንቃቄ እስካልታዘዘ ድረስ፣ በድርጅቱ መመሪያ መሠረት ጓንት አያስፈልግም። ስለ ጓንቱ ቁስም ቢሆን፣ ላቴክስ እጅ ላይ በደንብ ይቀመጣል፤ ነገር ግን በአንዳንዶች ላይ አለርጂ ያስነሣል። ናይትራይል መበሳትንና ብዙ ኬሚካሎችን የተሻለ ይቋቋማል። ቪኒል በሥራ ላይ ቶሎ ስለሚያፈስስ ለአጭርና አነስተኛ ሥጋት ላለው ተግባር ብቻ ይመረጣል። ቆሻሻ የሚሰበስቡና የተበከለ አንሶላ የሚያጥቡ ሠራተኞች ደግሞ የሚገባቸው ወፍራም የጽዳት ጓንት ነው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ስስ የምርመራ ጓንት አድርጋ የተጣለ መርፌ ያለበትን ከረጢት ስታነሣ በቅጹ ላይ «አዎ» ተብላ ትመዘገባለች፤ መርፌው ግን ሳጥኑን አያነብም።

በዚህ አስተያየት ላይ የሚነሣ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። የቧንቧ ውኃ በሚቋረጥበት፣ ሳሙናና አልኮል በሚጠፋበት፣ አንዲት ነርስ ብዙ ታካሚ በምትይዝበት ክፍል ውስጥ፣ ጓንት የሠራተኛዋ ብቸኛ መከታ ሊሆን ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ፍርሃትም ከንቱ ፍርሃት አይደለም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ስለ አላስፈላጊ ጓንት መናገር ቅንጦት ይመስላል። ተቃውሞው ግን በጥሞና ሲታይ የሚያጠናክረው ይህንኑ ክርክር ነው። ጓንት በጠፋበት ተቋም ሙቀት ለመለካት የዋለ እያንዳንዱ ጥንድ ከማዋለጃ ክፍሉ የተወሰደ ጥንድ ነው። ፍርሃቱንም ቢሆን የሄፓታይተስ ቢ ክትባትና የመርፌ ማስወገጃ ሳጥን ከጓንት ይልቅ በሚገባ ይመልሱታል፤ ጓንት መርፌን አያቆምምና። በለንደን የሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል፣ ጓንት ያልጠፋበት ተቋም ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ሠራተኞቹ ጓንት የማያስፈልግበትን ጊዜ እንዲለዩ ዘመቻ ጀምሮ ፍጆታውን ቀንሷል። ሀብት ያለው ተቋም የሚቆጥበውን ሀብት የሌለው ያለ ልዩነት የሚያጠፋበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ ተመራማሪው ምን ያድርግ? የመጀመሪያው እርምጃ የመለኪያውን አሐድ ከሰው ወደ ተግባር ማዞር ነው። አንድ ባለሙያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ተግባራትን ስለሚፈጽም አንድ «አዎ» ሁሉንም ሊወክል አይችልም። ለእያንዳንዱ ተግባር አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ፤ ተግባሩ ጓንት ይጠይቃል ወይ? የተመረጠው ጓንት ለተግባሩ የሚስማማ ነው ወይ? ከታካሚ ወደ ታካሚ፣ በአንዱም ታካሚ ላይ ከቆሸሸ ወደ ንጹሕ የሰውነት ክፍል ሲታለፍ ተቀይሯል ወይ? ከወለቀ በኋላ እጅ ጸድቷል ወይ? ይህ ፈጽሞ አዲስ መሣሪያ መፍጠርን አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት የእጅ ንጽሕና ምልከታ ቅጽ፣ እጅ መጽዳት ሲገባው ባለሙያው ጓንት እንዳጠለቀ ያለፈበትን አጋጣሚ የሚያመለክት ስፍራ አለው። ከዚህ ጎን የተቋሙን የመጋዘን መዝገብ ማየት፣ የጓንት ወጪንም ከአልኮል ወጪ ጋር ማነጻጸር፣ ሠራተኛው በሚታይበት ጊዜ ጠባዩን ስለሚያርም የሚፈጠረውን መዛባት በከፊል ያርቃል።

ጉዳዩ የዘዴ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የመመረቂያ ጥናቶች የመጨረሻ ምዕራፍ ወደ ሆስፒታል አስተዳደር የሚደርስ ምክረ ሐሳብ ይዟል፤ በግዥ ዕቅድ ላይም ተጽዕኖ ሊኖረው ይችላል። «አጥልቋል?» ብሎ የጠየቀ ጥናት መደምደሚያው «ጓንት በብዛት ይቅረብ» ከማለት እምብዛም አያልፍም። መቼ እንደወለቀና ከዚያ በኋላ እጁ ምን እንደሆነ የጠየቀ ጥናት ግን አልኮሉን ከአልጋው ጎን፣ ወፍራሙን ጓንት ከጽዳት ሠራተኛዋ እጅ፣ የጸዳውን ጓንት ከማዋለጃው ክፍል እንዲያደርስ ሊመክር ይችላል። በሁለቱ ምክሮች መካከል ያለው ልዩነት የሚታየው በሰንጠረዥ ላይ ሳይሆን በሁለተኛው አልጋ ላይ በተኛው ሕፃን ላይ ነው።