ሁለት ፕሮሰሰር፣ ሰባት የካርድ ማስገቢያ፤ ገደቡ ግን ሌላ ቦታ ነው

ስለ ኤአይ በሚወራው ሁሉ አንድ ዓይነት ቆጠራ እንሰማለን። ይህ ኩባንያ ይህን ያህል ሺህ ግራፊክስ ካርድ ገዛ፣ ያኛው አገር ደግሞ ይህን ያህል ሊገዛ ነው። ብዙ ያለው ያሸንፋል ማለት ነው። ይህ ስሌት የት ላይ እንደሚሰበር ለማየት ግን ትልቅ ዳታ ሴንተር ድረስ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ማዘርቦርድ ይበቃል።

በፈረንጆቹ 2010 ኢቪጂኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤስአር-2 የሚል ስም ያለው ማዘርቦርድ ለገበያ አቀረበ። ዋጋው 600 ዶላር ገደማ ነበር። ሁለት የኢንቴል ዚዮን ፕሮሰሰሮችን ጎን ለጎን ይቀበላል፤ 12 የራም እና 7 የካርድ ማስገቢያዎች አሉት። ስፋቱ 34.5 በ38 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ተራ ኬዝ ውስጥ አይገባም። ከሰርቨር ማዘርቦርዶች ዋናው ልዩነቱ ኦቨርክሎክ መፍቀዱ ነው፤ ባለቤቱ ፕሮሰሰሮቹን ፋብሪካው ከወሰነላቸው ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ይችላል። የኮምፒውተር ወዳጆች እስከ ዛሬ ስሙን በፍቅር የሚያነሱት ለዚህ ነው። እንደ እጅ ሥራ እኔም አደንቀዋለሁ። ለአብዛኛው ሰው ግን ትርፍ የሌለው ወጪ ነበር፤ ለምን እንደሆነ መረዳቱ ዛሬም ይጠቅመናል።

የመጀመሪያው ምክንያት ሥራው ራሱ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። ተረቱ የሚሠራው ሸክሙ ሎሚ ሲሆን ነው። ሥራው አንድ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ከሆነ ግን 49ኙ ቆመው ያያሉ። የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል ይህንኑ በ1967 በስሌት አስቀምጦታል። አንድ ፕሮግራም ከሥራው 90 በመቶውን ለብዙ ኮሮች ማከፋፈል ይችላል እንበል። በ6 ኮር 4 እጥፍ ይፈጥናል። ሁለተኛ ፕሮሰሰር ጨምረን 12 ኮር ብናደርገው 8 እጥፍ አይሆንም፤ 5.7 ላይ ይቆማል። ማከፋፈል የሚችለው ግማሹን ብቻ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ፕሮሰሰር የሚጨምረው ፍጥነት 8 በመቶ እንኳን አይሞላም። በዚያን ጊዜ የነበሩት አብዛኞቹ ጌሞች ከጥቂት ኮሮች በላይ መጠቀም አይችሉም ነበር። በ2010 ዚዮን ኤክስ5680 የተባለው ባለ 6 ኮር ፕሮሰሰር 1,663 ዶላር ይሸጥ ነበር። ለዚያ ትንሽ ጭማሪ ይህን ያህል እንደገና መክፈል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በሁለቱ መሃል ያለው መንገድ ነው። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ ራም አለው። ኤክስ5680 ከራሱ ራም በሰከንድ እስከ 32 ጊጋባይት ያነባል። የሚፈልገው ዳታ ጎረቤቱ ዘንድ ከሆነ ግን የሚያልፍበት መስመር በአንድ አቅጣጫ 12.8 ጊጋባይት ብቻ ያሳልፋል። ፕሮግራሙ ይህን አውቆ ካልተጻፈ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ጊዜው ያልቃል።

ግራፊክስ ካርዶቹም ከዚህ አያመልጡም። እያንዳንዳቸው 1.5 ጊጋባይት ሚሞሪ ያላቸውን ሦስት ጂቲኤክስ 480 ካርዶች በኤስኤልአይ ብናያይዝ ጌሙ 4.5 ጊጋባይት አያገኝም። ሁሉም ያንኑ ዳታ በየራሳቸው ስለሚይዙ ያው 1.5 ነው። ምስሎቹን በየተራ ሲሠሩም ፍጥነታቸው እኩል ስለማይሆን፣ ቁጥሩ ከፍ ብሎ እያለ ስክሪኑ ሲንገጫገጭ ይታያል።

መብራቱንም እንቁጠር። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች እያንዳንዳቸው 130 ዋት፣ አራት ካርዶች ደግሞ እያንዳንዳቸው 250 ዋት ቢወስዱ 1,260 ዋት ይመጣል። ይህ ኦቨርክሎኩ፣ ማቀዝቀዣውና ሌላው ሁሉ ሳይጨመር ነው። የአሜሪካ ቤት ተራ መስመር ከፍተኛ አቅሙ 1,800 ዋት ነው። የገባው መብራት ሁሉ ደግሞ ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው፤ ጣሪያውን የሚወስነው ገዢው አልነበረም። ዊንዶውስ 7 ሆም ፕሪሚየም የሚሠራው በአንድ ፕሮሰሰር ብቻ ስለነበር ሁለተኛውን ለመጠቀም ከፍ ያለውን ፕሮፌሽናል መግዛት ግድ ነበር። በ2012 ኢቪጂኤ ተተኪውን ኤስአር-ኤክስን ሲያወጣ ደግሞ ኢንቴል አዲሶቹን ዚዮኖች ቆልፏቸው ነበርና ኦቨርክሎክ የማድረጉ ነገር ከስም አላለፈም። ማዘርቦርዱ የተሠራበት ዋና ዓላማ በሌላ ኩባንያ ውሳኔ ጠፋ። ኤንቪዲያም ለአዳዲስ ጌሞች የኤስኤልአይ ማስተካከያ ማዘጋጀቱን በ2021 መጀመሪያ አቆመ። በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 ካርዶችን እርስ በርስ የሚያገናኘው ማስገቢያ ጭራሽ የለውም። በዚያው ዓመት ኢቪጂኤ ራሱ ከግራፊክስ ካርድ ንግድ ወጣ። ሁለት ፕሮሰሰር ይጠይቅ የነበረውን የኮር ብዛት ደግሞ ኤኤምዲ በ2017 በአንድ ሶኬት አመጣው፤ 16 ኮር ያለው ትሬድሪፐር በ999 ዶላር ይሸጥ ነበር።

ለፍርድ ያህል፣ የተጠቀሙበትም አሉ። የሥሪዲ ምስል ሬንደር የሚያደርግ፣ ቪዲዮ የሚያዘጋጅ፣ ለሳይንስ ስሌት ኮምፒውተሩን ቀንና ሌሊት የሚያሠራ ሰው ሥራው ሎሚ ነው፤ ይከፋፈላል። እነሱ ለከፈሉት ዋጋ ተገቢውን አግኝተዋል። ልዩነቱ ሥራቸውን አስቀድመው ማወቃቸው ነው። ዛሬም ርካሽ ያገለገለ ባለ ሁለት ዚዮን ማሽን አይቶ የሚጓጓ ሰው የኮሩን ብዛት ከማየቱ በፊት የሚጠቀምበት ፕሮግራም ስንቱን ማሠራት እንደሚችልና የመብራት ክፍያው ስንት እንደሚሆን ይጠይቅ።

ወደ ትልቁ ወሬ እንመለስ። ኤንቪዲያ ሜላኖክስ የተባለውን የእስራኤል ኩባንያ ለመግዛት በ2020 ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ሜላኖክስ የሚታወቀው ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ በሚያገናኝ ኔትወርክ ነው። የቺፑ ንጉሥ ይህን ያህል ገንዘብ ለመንገዱ ያወጣው፣ ቺፕ መደርደር ብቻውን እንደማይበቃ ስለሚያውቅ ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል ሺህ ካርድ ተገዛ ሲባል ከማጨብጨባችን በፊት አራት ነገር እንጠይቅ። ሥራው ይከፋፈላል ወይ? ካርዶቹን የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? መብራቱ ከየት ይመጣል? ነገ ሻጩ ቢቆልፈው ወይም ድጋፉን ቢያቋርጥ ምን በእጃችን ይቀራል? የካርዱን ቁጥር የሚነግረን ሁሉ የእነዚህንም መልስ አብሮ ይንገረን።