ለዲኤክሷ ትዊን ካም ይግባላት?

ሙግቱን ያመጣችው አንዲት ነጭ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። አጎትየው ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ እንጅባራ ይኖራሉ። መኪናዋን ማንኩሽ ሥራ ለያዘው የእህታቸው ልጅ ከሰጡት ሁለት ዓመት ሆነ። ልጁ አሁን የድሮውን ሞተር አውርዶ ትዊን ካም ሊገጥምባት ቆርጧል። በስልክ ሲጨቃጨቁ ከርመው አልቋጭ ስላላቸው ሁለቱም ጻፉልን።

ይቀየር

ጋሼ፣ ዲኤክስን መውደድ የተማርኩት ከእርስዎ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮፈኗን ከፍተው ካንዴላዋን ሲፈቱ ባትሪ የማበራልዎ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ መኪናዋን እንደናቅኳት አይቁጠሩብኝ። ቶዮታ ይቺን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1979 ካወጣ ወዲህ ስንት ዓይነት ኮሮላ መጥቶ ሄዷል። አዲስ አበባ ላይ ግን ዛሬም ቀለሟ ታድሶ፣ ሰፊ ጎማ አጥልቃ፣ ዝቅ ብላ ስታልፍ አንገቱን የማያዞር የለም። እሱ የአዲስ አበባ ነገር ነው። የእኔ ችግር ዳገት ነው።

ወደ እርስዎ ስመጣ ከማንኩሽ ቆላ ተነስቼ በማምቡክ፣ በግልገል በለስ፣ በቻግኒ አድርጌ ነው እንጅባራ የምወጣው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ግድም ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩ የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር እናንተ ጋ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን መንገድ ላይ ጥሎ ነው። የዲኤክሷ ሞተር፣ 4ኬው፣ 1290 ሲሲ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ 65 ፈረስ ጉልበት ነበረው ብንል እንጅባራ ላይ የሚቀረው 50 አይሞላም። ያውም አዲስ ቢሆን! የእኛው ሦስት ጊዜ ሬቲፊካ ገብቷል። ባለፈው ያየው መካኒክ ሲሊንደሩን በጣቱ ዳሰሰና «ይሄ ከእንግዲህ የሚፋቅ ሥጋ የለውም» አለኝ።

ኅዳር ላይ ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ሰሊጥ ጭኜ ስመጣ ከቻግኒ በላይ አንድ ሲኖትራክ ፊቴ ተደነቀረ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነኝ፤ ጭሱን እየጠጣሁ እከተላለሁ። መንገዱ ለጥ ሲልልኝ ወጣሁና ነዳጅ ረገጥኩ። መኪናዋ ጮኸች እንጂ አልሄደችም። ሾፌሩ በመስታወቱ ሲያየኝ ይታየኛል፤ እኔ ገና የኋላ ጎማውን አላለፍኩም። ከፊት ሚኒባስ ብቅ አለ። ፍሬን ይዤ ተመለስኩ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ደግሜ ተመለስኩ። እርስዎ ጉልበት የሌለው መኪና ሰው አይገድልም ይላሉ። ጉልበት የሌለው መኪና ግን በማይገባው መስመር ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ሌላ መኪና ግዛ እንዳይሉኝ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። የገባው ገብቷል፤ ያለንን ማኖር ነው።

ሶማሌ ተራ ያየሁት ሞተር 4ኤ-ጂኢ ነው። 1587 ሲሲ፣ ሁለት ካም፣ አሥራ ስድስት ቫልቭ፤ ጉልበቱ ከ110 ፈረስ በላይ። ከነካምቢዮው፣ ከነኮምፒውተሩ ይሸጣል። ባዕድ አካልም አይደለም። ቶዮታ ራሱ ለጃፓን ገበያ በዚህችው ቅርጽ ላይ ባለ 1600 ትዊን ካም ገጥሞ ይሸጥ ነበር። ከእሷ ቀጥላ መጥታ ዓለም ያበደላት ኤኢ86 ላይ ያለው ደግሞ ይኸው 4ኤ-ጂኢ ነው። ፋብሪካው ያደረገውን እኔ ባደርግ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

አይነካ

አንተ ልጅ፣ ስለ ዳገቱ ገጽ ሞላህ። ስለ ቁልቁለቱ አንድ መስመር የለህም። ወደ እኔ ስትመጣ ትወጣለህ፤ ወደ ሥራህ ስትመለስስ?

ይህን የምልህ በአንተ ዕድሜ ሳለሁ እኔም ስለገጠምኩ ነው። ደርግ ሊወድቅ ሰሞን አንድ ደንበኛ ላዳ ይዞ መጣና «እንደ ጥይት አድርግልኝ» አለኝ። ላዳ የፊያት 124 ልጅ ናት፤ ሩሲያኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ቶልያቲ ላይ ሲያመርቷት ቅርጿን የወሰዱት ከዚያ ነው። ከተጋጨ ፊያት 132 ላይ 1995 ሲሲውን ባለ ሁለት ካም ሞተር አወረድኩና አስገባሁላት። ሞተሩን የነደፈው ላምፕሬዲ ነው፤ ፌራሪ ቤት የነበረው ሰውዬ። ድምፁን ብትሰማው ትረዳኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ እንደዚያ ሳምንት ኮርቼ አላውቅም።

ለጥምቀት ሰውየው እናቱን ይዞ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲወጣ እኔም አብሬ ተሳፈርኩ። ጎሐ ጽዮንን አልፈን ዓባይ በረሃን ስንወርድ በሦስተኛ ማርሽ ለቋታል፤ ፍሬኑን ነካ ያደርጋል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ነካ ያደርጋል። ግማሽ ላይ ሽታው መጣ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ታውቀዋለህ። ቀጥሎ ፔዳሉ ወለሉን ነካ፤ ዘይቱ ፈልቶ ነበር። «ማርሽ ቀንስ!» ብዬ ስጮህ እጄ የእጅ ፍሬኑን ጨብጧል። ወደ ተራራው ጎን አስጠጋትና ቋጥኙን እየታከከች ቆመች። ፓራውልቱ ሄደ፣ መብራቱ ሄደ፣ አንድ በር ሄደ። ወርጄ ቸርኬው ላይ ውሃ ጠብ ባደርግበት ቺስስ አለ። እናትየው ከኋላ ወንበር ላይ ትንፍሽ አላሉም። የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሞተር ላሳድግ ብሎ የመጣን ሰው ሁሉ መለስኩ።

ሞተሩ አንዳች አልሆነም። ጥፋቱ የገጠምኩት የእኔ ነበር።

ሒሳቡን ደግሞ እንካ። ፍሬን የሚሸከመው ሙቀት በፍጥነቱ ልክ አያድግም፤ ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው። ከ80 ወደ 120 ስትሄድ ፍጥነትህ በግማሽ ጨመረ፤ የፍሬንህ ሸክም ግን 2.25 እጥፍ ሆነ። የዲኤክሷ የፊት ዲስክ ለትንሽ ሞተር የተለካ ነው፤ የኋላዋ ታምቡር ነው። ፋብሪካ ጉልበት ሲጨምር ከሥር ያለውን ሁሉ እንደገና ይለካል። አንተ ከሶማሌ ተራ የምታመጣው ጉልበቱን ብቻ ነው።

ቆላው ደግሞ አለ። ፀሐዩ 40 ዲግሪ በሚነካበት አገር ወደ እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት የሚያወጣ ሞተር ለማቀዝቀዝ የ4ኬ ራዲያተር አይበቃውም። ራዲያተሩን ስታሳድግ ቬንትሌተሩን በኤሌክትሪክ ታደርጋለህ፤ ያን ስታደርግ ዲናሞው አይችልልህም፤ ዲናሞውን ስትቀይር ሽቦውን ትነካለህ። ሱፖርቱ በብየዳ ይሠራል፤ ትራስሚሲዮኑ ተቆርጦ ይለካል፤ የነዳጁ ፓምፕ ባለ ግፊት ይሆናል፤ ካርቡራቶር ለምዶ የኖረው ሰልባትዮ ውስጥ ያለው ዝገትና አሸዋ ተነስቶ ኢንጄክተሩን ይደፍነዋል። በተለይ አንተ ቤንዚን በጀሪካን የምትገለብጥ ሰው! በነገራችን ላይ 5150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ጎረቤት ተቀምጠህ ጀሪካን መሸከምህ ያስቀኛል፤ ግን እሱን ሌላ ቀን እናወራለን።

አሁን ማምቡክ ጋ ብትቆምብህ ማንም ልጅ ዊንጭትና ፒንሳ ይዞ ያስነሳታል። ፕላቲኗን በአሸዋ ወረቀት ያሻል፣ ዠግለሯን ይነፋል፣ ትሄዳለህ። ያ ሞተር ከገባባት ግን የሚያውቃት የገጠማት ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ያለው አዲስ አበባ ነው። የትኛው ሽቦ የት እንደሄደ በየትኛውም መጽሐፍ አይገኝም።

4ኬው አለቀ ካልክ፣ እሺ አለቀ። 5ኬ ፈልግ። 1486 ሲሲ ነው፤ ከላይትኤስና ከታውንኤስ ላይ ይወርዳል። የአንድ እናት ልጆች ስለሆኑ በዚያው ሱፖርት ላይ ይቀመጣል፣ ያንኑ ካምቢዮ ይይዛል። ካሙን የሚያዞረው ካቴና ነው፤ እንደ ትዊን ካሙ ቺንጋ በየጊዜው ቀይሩኝ አይልም። አንድ ቀን ሥራ ነው። እኔው እመጣልሃለሁ።

ወረቀቱንም አትርሳ። የሞተሯ ቁጥር ሊብሬው ላይ ሰፍሯል። ሻጩ ሞተሩ በምን መንገድ እንደገባ የሚያሳይ የጉምሩክ ወረቀት አለው ወይ? ሳታስመዘግብ ከቀየርክ ለቦሎ ምርመራ የቀረብክ ቀን ቁጥሩ አይገጥምም። አደጋ ከደረሰ ደግሞ ኢንሹራንሱ ቀድሞ የሚያነበው ያንን ቁጥር ነው።

አሁንም ይቀየር

ጋሼ፣ የላዳዋን ታሪክ እስከ ዛሬ ነግረውኝ አያውቁም። የፍሬኑን ነገር ተቀበልኩ፤ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ትልቅ ዲስክና አዲስ የፍሬን ሸራ ይገባል። ግን ይፍቀዱልኝና እናትየውን ያስደነገጠው ሞተሩ ነው ወይስ ቁልቁለት በሦስተኛ የሚወርደው ሾፌር? ትልቅ ሞተር በሁለተኛ ማርሽ ከተያዘ ከትንሹ የበለጠ መኪናውን ይይዛል። ይህንን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ የቻግኒን ቁልቁለት የምወርደው እንደዚያ ነው።

የሚጠግናት ታጣለች ያሉት ግን የድሮ ወሬ ነው፤ አይቆጡኝ። ዛሬ መንገዱን የሞሉት ቪትዝ፣ ያሪስና አዲሶቹ ሃይሩፎች ሁሉ ኮምፒውተር አላቸው። የዘመኑ መካኒክ ስልኩን ከመኪናው አገናኝቶ ነው የሚጀምረው። የ4ኤ-ጂኢው ኮምፒውተር ያረጀ ስለሆነ ስልክ አይሰካበትም፤ ጉድለቱን ግን የሞተር መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለች በቁጥር ትናገራለች፤ መቁጠር ብቻ ነው። ካርቡራቶር የሚያስተካክል ልጅ ነው እየጠፋ ያለው። ማንኩሽ ላይ ካርቡራቶሯን የነካልኝ የመጨረሻው ሰው ዠግለሯን ሰብሮ ነው የመለሰልኝ።

ካርቡራቶሩን ካነሳን ዘንድ፦ እርስዎ እንጅባራ ላይ፣ በሳሳው አየር ነው የሚለኩት። ማንኩሽ ወርጄ አየሩ ሲወፍር ያው ቤንዚን ያንሰዋል፤ ሞተሩ ይሳሳል፣ ይግላል፣ ካንዴላው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ቆላ ላይ ካስለካሁት ደግሞ እናንተ ጋ ስደርስ ጥቁር ጭስ ነው። አንድ ካርቡራቶር ሁለት አገር አያስተዳድርም። ያኛው ሞተር አየሩን እየለካ ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል። 5ኬ ይህን አይፈታልኝም፤ አሥር ፈረስ እንኳ የማይሞላ ጭማሪ ለማግኘት ያንኑ ቀን ሙሉ ጋራዥ ልውል ነው?

ከአጎት

የካርቡራቶሩን ነገር ልክ ነህ፤ ተሸንፌያለሁ። የካንዴላውን ቀለም ማየትህ ደስ ብሎኛል፤ ባትሪ ስታበራልኝ የምትተኛ ይመስለኝ ነበር።

ቁልቁለቱን በሁለተኛ ትወርዳለህ፤ አምንሃለሁ። መኪናዋን ለጓደኛህ ያዋስክ ቀንስ? እሱ 110 ፈረስ በ1979 ቅርጽ ላይ መሆኑን የሚያውቀው በምንድን ነው? ከውጭ ስታያት ያቺው ዲኤክስ ናት። ላዳዋም ላዳ ነበር የምትመስለው።

እንዲህ አድርግ። ፍሬኑን መጀመሪያ ግዛ። ከነሲሊንደሩ፣ ከነቱቦው፣ ዘይቱን ጨምሮ። አስገጥመው፤ በዚችው በደከመች ሞተር አንድ ክረምት ንዳት። ራዲያተሩን ቀጥሎ። የሞተሩን ወረቀት ሻጩ ካሳየህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ የጉምሩኩን ቁጥር እኔ አነበዋለሁ፤ መነጽሬ ገና ይሠራል። ካላሳየህ ሶማሌ ተራን ጥለህ ውጣ፤ ዋጋ ቢቀንስልህም ውጣ።

የለውጡን ማመልከቻ ጽፈህ ይዘህ ና። መፈረም አለብኝ፤ ሊብሬው አሁንም በእኔ ስም ነው።