ኦስሎ ያለው የጣና ደንገል

ኦስሎና አካባቢው የምትኖሩ ወገኖቼ ቢግዶይን ታውቁታላችሁ። በበጋ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ጀልባ ተሳፍሮ በጥቂት ደቂቃ የሚደረስበት፣ ዛፍ የበዛበት ልሳነ ምድር ነው። ልጆቼን ይዤ እዚያ ያለውን የቫይኪንግ መርከቦች ቤት ያየሁት ሕንጻው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ለማስፋፊያ ሥራ ከመዘጋቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለ ቫይኪንጎች ተምረው «ውሰደን» ብለው ስለያዙኝ እንጂ እኔስ ብዙም አልጓጓሁም ነበር። ጎንደር ተወልጄ፣ በፋሲል ግንብ ጥላ ሥር ኳስ ስራገጥ አድጌ፣ አሮጌ እንጨት ምን ያሳየኛል ብዬ ነው።

ሲገቡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቤቱ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ፣ ግድግዳው ነጭ፣ ጣሪያው ቅስት ነው። ሰው ሁሉ ሳይነገረው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እኔም ሳላውቀው ኮፍያዬን አወለቅሁ። ፊት ለፊት የኦሴበርግ መርከብ ቆማለች፤ ርዝመቷ 21 ሜትር ተኩል ግድም፣ እንጨቷ የጠቆረ፣ አፍንጫዋ እንደ እባብ ራስ ሽቅብ ተጠምዝዞ ያለቀ። የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ820 ገደማ ነው። በ834 ሁለት ሴቶች በውስጧ ተቀበሩ፤ አንደኛዋ 70 ዓመት ያለፋት፣ ሁለተኛዋ 50 ግድም የሆናት። ጋሪ፣ የበረዶ መንሸራተቻዎች፣ ፈረሶች፣ ውሾች አብረዋቸው ገቡ። ከላይ አፈርና ሣር ተከመረባቸው፣ ከሥር ደግሞ ሰማያዊ ጭቃ አየር ነሣቸው፤ እንጨቱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሳይበሰብስ የቆየው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ሲቆፈር መርከቧ በጉብታው ክብደት ተሰባብራ ነበርና ስብርባሪዋን አንድ በአንድ ገጥመው አቆሟት። ካየሁት እንጨት አብዛኛው የዚያን ዘመን የራሷ ነው።

ትልቋ ልጄ ደብተሯን ይዛ «ንግሥቲቱ ማን ትባል ነበር?» አለችኝ። ንግሥት መሆኗም ግምት ነው፤ ስሟ አልተገኘም። ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነው። በመቃብሩ ውስጥ በአውሬ ራስ ቅርጽ የተፈለፈሉ የእንጨት ዓምዶች ተገኝተዋል። ተመራማሪዎቹ ከጠራቢዎቹ የአንዱን እጅ ከሌሎቹ ለይተው አወቁት፤ ስሙ ስለማይታወቅ እነሱ ስም አወጡለት። «አካዳሚሺያኑ» አሉት፤ በእኛ አነጋገር «ሊቁ» እንደ ማለት። የንግሥቲቱ ስም ጠፋ፣ እንጨት ጠራቢው ግን የክብር ስም አገኘ። ልጄ ይህን ስነግራት «ሊቁ» ብላ ጻፈች። እኔ ግን የጎንደር ልጅ ነኝና ልቤ ወደ አገሬ ሄደ፤ የእኛ አገር ጠራቢ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ ምን ስም እንደ ወጣለት አውቃለሁ።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ጎንደርን ለማደስ ገንዘብ ለምታዋጡ ሁሉ የሚጠቅም ነው። ከኦሴበርግ የወጣውን ልዩ ልዩ የእንጨት ዕቃ በዚያን ጊዜ ያዳኑት መስሏቸው አሉም በሚባል ጨው ቀቀሉት። ለጊዜው ቅርጹን ጠበቀላቸው፤ ውሎ አድሮ ግን በእንጨቱ ውስጥ አሲድ ፈጠረና ከውስጥ እየበላ ዱቄት አደረገው። ዛሬ ባለሙያዎቹ የሚታገሉት ከዘመኑ እርጅና ጋር ሳይሆን ከራሳቸው አያቶች መድኃኒት ጋር ነው። እኛም ይህን እናውቀዋለን። በጣልያን ወረራ ዘመን የፋሲል ግንብን በሲሚንቶና በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት ጠገኑት። በኖራ የተሠራ ግንብ ይተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት አዳሾች ወደ ኖራው መመለስ ግድ ሆነባቸው። ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማቸውን ሲቆረቁሩ ኖራውን ያቦካው ሰው የሚያውቀውን፣ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የመጣው መሐንዲስ አላወቀውም ማለት ነው። እጁ ያውቅ ነበር። የዚያን ሰው እጅ ብንጠይቅ ኖሮ ብዙ ድካም ይቀርልን ነበር።

ከቫይኪንጎቹ ቤት ወጥተን በእግር ወደ ባሕሩ ዳር ወረድን፤ የኮንቲኪ ሙዚየም እዚያ ነው። የገባነው ዝናብ ስለጀመረ ነበር። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1947 ሰላማዊ ውቅያኖስን በ101 ቀን ያቋረጠበት የበልሳ ታንኳ እዚያ አለ። ከእሱ ሌላ ግን ከደረቅ ሣር የታሰረ፣ ወርቅማ ቡናማ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ላይ የታጠፉ፣ 12 ሜትር ግድም የሚሆን ጀልባ ቆሟል። ጠጋ ብዬ እስሩን አየሁት። አወቅሁት። ደንገል ነው፤ የጣና ደንገል!

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ያምን ነበር። በግብፅ ደንገሉ ከጠፋ ቆይቶ ነበርና ከኛው ከጣና አስቆረጠ። ደንገሉ በቀይ ባሕር በኩል ግብፅ ገባ፤ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ታንኳ ሠሪዎችም በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ «ራ» የተባለውን ጀልባ ሠሩት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሥቶ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ባርባዶስ ሳይደርስ ተሰነጣጠቀና ተተወ። ምክንያቱ ከብዙው ውስጥ አንዱ፣ የታጠፈውን የኋላ ጫፍ ወደ ወለሉ ጎትቶ የሚይዝ ገመድ መቅረቱ ነው። የግብፅ ሥዕሎች ላይ ገመዱ ይታያል፤ ለጌጥ የተሳለ መስሏቸው ነበር። በዓመቱ ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች አሁንም በጣና ደንገል «ራ ሁለት»ን ሠሩ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 17 ቀን 1970 ተነሣ፣ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባ። ያ ነው እንግዲህ ፊቴ የቆመው።

ለትንሹ ልጄ «ይህ ሣር ከአያትህ አገር ነው» ብለው አላመነኝም። እኔ ግን እንባዬ መጣ። በስደት ያለ ሰው ይገባዋል፤ በባዕድ አገር የአገርህን አፈር ማየት አንድ ነገር ነው፣ የአገርህን ሣር የውቅያኖስ ጀግና ሆኖ ማየት ሌላ ነው።

ሆኖም ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። ሣሩ የኛ፣ እጁ የቻድና የቦሊቪያ። በጣና ዳር ደንገል ሲያስሩ ስንት ትውልድ የኖሩ ሰዎች አሉ፤ ነገደ ወይጦ ይባላሉ። ደንገሉን ያጭዳሉ፣ በፀሐይ ያደርቃሉ፣ ችቦ ችቦ አድርገው ያስሩታል፣ ጫፉን አሹለው ያቃናሉ፣ ሸክሙ ውኃ እንዳይነካው በውስጡ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደለድላሉ። ታንኳው ሲውል ውኃ ይጠጣል፤ ማታ ወደ ዳር ይወጣና ይቆማል፣ ይደርቃል፣ ጠዋት ደግሞ ይገባል። ዕድሜው አጭር ነው፤ ከበሰበሰ ሌላ ይሠራል። ስለዚህ የጣና ታንኳ እንደ ኦሴበርግ ተቀብሮ ለሺህ ዓመት አይቆይም። የሺህ ዓመቱ ነገር ሰውየው ራሱ ነው። የደቅንና የዘጌን እንጨት፣ ቡናና መነኩሴ ያሻገረው እሱ ነው፤ በደሴቶቹ ገዳማት የምንመካባቸው ብራናዎችም ቢሆኑ በእግር አልተሻገሩም።

እኛስ ይህን ሰው ምን አደረግነው? ጉማሬ ይበላል ብለን ጽዋ ለየንበት። ልጁን አልዳርንለትም፣ ቤቱ እህል አልቀመስንም። እስላም ነኝ ቢል እስላሙም ክርስቲያኑም ርቆታል። የማወራው ስለ ሌላ ሰው አይደለም፤ ያሳደገኝ ቤት እንዲህ ነበር። ወለቃም ያው ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅና ወደ ስሜን ተራሮች በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቤተ እስራኤል ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪ ሴቶች ይኖሩባት ነበር። እናቴ ገበያ ምጣድና ጀበና ከእነሱ ትገዛለች፤ እኔን ግን በነጠላዋ ትሸፍነኛለች፣ ዓይናቸው እንዳይወጋኝ። በምጣዳቸው እንጀራ ጋግረን እየበላን «ቡዳ» አልናቸው። የጎንደርን ግንቦች ካነጹትና ከጠረቡት ባለሙያዎች ውስጥ ቤተ እስራኤል እንደነበሩበት የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል፤ ግንቡን በገንዘባችን ኖት እስክናደርስ ስናከብር፣ የገነባውን እጅ ስንፈራው ኖርን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ አፋችንን እንኳ በወጉ አልዘጋውም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በግንቦት 1991 በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄዱ የሄደው ሰው ብቻ አይደለም፤ ሸክላውም፣ ብረቱም አብሮ ሄደ።

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከእኔ ጋር እንድታዝኑ ብቻ አይደለም። ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክ፣ ፊንላንድና አይስላንድ ተባብረው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ሳንቃን በሳንቃ ላይ ደርቦ በምስማር የመስፋት የጀልባ ሙያቸውን በዩኔስኮ አስመዘገቡ። ያስመዘገቡት መርከቦቹን አይደለም፤ ሙያውን ነው፣ የሠሪውን እጅ። ዴንማርክ ሮስኪልድ ብትሄዱ እ.ኤ.አ. በ1962 ከባሕር ሥር የወጡት አምስት መርከቦች አጠገብ አናጢዎች እየጠረቡ ታገኛላችሁ፤ የጠፋውን ጥበብ መልሰው ለመማር ነው የሚለፉት። እኛ ደግሞ ያስመዘገብነው እንደ መስቀል፣ ጥምቀት፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ገዳና ሸዋልዒድ ያሉትን ነው፤ ሁሉም የሚያኮሩ በዓላትና ሥርዓቶች ናቸው። የእጅ ሙያ ግን አንድም የለበትም። የእኛው እኮ ገና አልጠፋም! ሰውየው በሕይወት አለ። የሚጠፋው ግን እያየነው ነው፤ ደንገሉ ለእርሻ እየተመነጠረ እያለቀ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ሐይቁን ወርሮታል፣ የላስቲክና የብረት ጀልባም መጥቷል።

በየከተማው የጎንደር ማኅበር አለን። ለጥምቀት አገር ቤት ስንገባ ፋሲል መዋኛ እንገኛለን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ፎቶ እናነሣለን፣ እንመለሳለን። ጎርጎራ እስከ ሐይቁ ዳር ወርዶ የታንኳ ሠሪ ቤት የገባ ከመካከላችን ስንት አለ? ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ውጊያ መንገዱ ለብዙዎቻችን ተዘግቷል፤ አውቃለሁ፣ እኔም እናቴን ለማየት አልቻልሁም። ሄየርዳል «ታይግሪስ» የተባለውን የመጨረሻ የሣር ጀልባውን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1978 ጅቡቲ ላይ በእሳት አቃጥሎታል፤ በአፍሪካ ቀንድና በቀይ ባሕር ዙሪያ የነበረውን ጦርነት ለመቃወም ነበር። ያ ጦርነት የኛም ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ተቃጠለ! መንገዱ ሲከፈት ግን ማኅበሮቻችን ለአንድ ዓመት ያህል የአዳራሽ ኪራዩንና የድግሱን ወጪ ቀንሰው የታንኳ ሥራውን ከአጨዳው እስከ መጨረሻዋ ቋጠሮ በቪዲዮ ቢያስቀርጹ፣ ለሠሪው እንደ መምህር ደመወዝ ከፍለው ልጆች ቢያስተምሩበት፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ቢያስቀምጠው፣ ይህ ከአቅማችን በላይ አይደለም። ከዚያ በፊት ደግሞ ገንዘብም መንገድም የማይፈልግ ሥራ አለ።

ከቢግዶይ በተመለስን ማግስት ደንቢያ ሐይቁ ዳር ለሚኖረው የእናቴ ወንድም ደወልሁ።

«ጋሼ፣ ታንኳህን ማን ነው የሠራልህ?»

«ወይጦው ነዋ።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

ዝም አለ። «ስሙማ… አባቱን አውቀው ነበር» አለኝ። ከዚያ ደግሞ «ለምንህ ነው ልጄ?» ብሎ ጠየቀ። ስለ ቫይኪንጎቹ፣ ስለ እንጨት ጠራቢው፣ በኦስሎ ስላለው ደንገል ነገርሁት። ረጅም ጊዜ ሰማኝ። «እጠይቀዋለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

በሳምንቱ ራሱ ደወለ። «ቤቱ ሄድሁ» አለ፤ ወይጦ ቤት ሲገባ በሕይወቱ የመጀመሪያው እንደሆነ ድምፁ ያስታውቅ ነበር። «ቡና አፈሉልኝ። ጠጣሁ።» ቀጥሎም የሰውየውን ስም፣ የአባቱን፣ የአያቱን ነገረኝ፤ ሦስቱም ታንኳ ሠሪዎች። ስልኩን ለልጄ ሰጠኋት። ጋሼ ስሞቹን ቀስ ብሎ እየደጋገመላት፣ እሷ በደብተሯ «ሊቁ» ብላ ከጻፈችው ሥር ሦስቱንም በአማርኛ ፊደል ጻፈቻቸው።