ፈረሱን ማን ቀለበው?

ስለ ጦር መሪዎች ትምህርት ስናዘጋጅ ሁላችንም የምናደርገው ያው ነው። ስም፣ ዓመተ ምሕረት፣ የጦር ሜዳ፣ ከዚያ ጥያቄ። ተማሪው «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት» ብሎ ከመለሰ ልክ ነው፣ ቀጥል! እኛ ዕጩ መምህራን ግን ይህ አያስኬድም እንላለን።

እስቲ የራሳችንኑ የጎጃሙን ንጉሥ እንውሰድ። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. ደምቢያ ውስጥ ሳር ውኃ ላይ ከደርቡሹ አዝማች ከሐምዳን አቡ አንጃ ጋር ገጥመው ተሸነፉ፤ ወራሪውም ጎንደር ገብቶ ከተማዋን አቃጠለ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ደግሞ እኚሁ ንጉሥ የጎጃምን ጦር ይዘው አድዋ ላይ ከድል አድራጊዎቹ አንዱ ሆኑ። ሰውየው ያው ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? በመሪው ጀግንነት ብቻ ከመዘንነው መልስ አይገኝለትም። አድዋ ላይ ከጎናቸው የሸዋው፣ የትግራዩ፣ የወሎው፣ የሐረሩ ጦር ነበረ፤ ከመስከረሙ የክተት አዋጅ ጀምሮ ስንቁን ተሸክሞ ወራት የተጓዘ ሕዝብ ነበረ።

የእንግሊዙ ንጉሥ አልፍሬድም ቢሆን እንዲሁ ነው። በ878 እ.ኤ.አ. ከቫይኪንጎች ሸሽቶ ረግረግ ውስጥ ተደበቀ፤ በዚያው ዓመት ተመልሶ ኤዲንግተን ላይ ድል ነሣቸው። የሚገርመን ግን የኋላ ሥራው ነው። ጦሩን ለሁለት ከፍሎ ግማሹ ሲዘምት ግማሹ ቤቱ እንዲቆይ አደረገ፤ የተመሸጉ ከተሞች አሠራ፤ ደግሞም (መምህራን ሆይ፣ ይህችን ልብ በሉ!) የላቲን መጻሕፍትን ሕዝቡ ወደሚናገረው ቋንቋ አስተረጎመ።

የአገራችን ሰው ይህን ነገር በሌላ መንገድ ያውቀዋል። አፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላን አባ ነጋ ሲል የሚጠራቸው በፈረሳቸው ስም ነው። ጌታው በፈረሱ ከተጠራ፣ ፈረሱን ያሳደገውስ? ለዚህ መልስ እኛ አዊዎች ሩቅ መሄድ አያሻንም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ምሥረታውን ከ1932 ዓ.ም. ይቆጥራል፤ ጣሊያን ገና ከአገር ሳይወጣ ማለት ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን አባላቱ ፈረሳቸውን ሸልመው ሲወጡ የሚያስታውሱት አዋጊውን ብቻ ሳይሆን አድዋ የዘመተውን ፈረስ ጭምር ነው። ያው ፈረስ በአዘቦት ቀን እህል ይጭናል፣ ሙሽራ ያጅባል።

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን እንጅባራንና ዳንግላን ለቆ ሲሄድ መጻሕፍቱ የሚያነሡት ንጉሠ ነገሥቱንና እንግሊዛዊውን ዊንጌትን ነው። መነሣታቸው ደግ ነው። ነገር ግን ስንቅ የጫኑት በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች አብዛኞቹ በዚያ ዘመቻ አልቀዋል። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታትስ ለእነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ለእነ በላይ ዘለቀ አርበኞች ማን ነበር እንጀራ የሚጋግረው? ማንስ ነበር ወሬ የሚያደርሰው? የሴቶቹ ስም ፈተና ላይ መጥቶ አያውቅም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «እንግዲያው መሪዎቹን እንተዋቸው» ይላሉ። በዚህ አንስማማም። መሪ የሌለው ጦር የገበያ ግርግር ነው፤ ሕፃንም ያለ ጀግና ታሪክ አይሰማም፣ ያንቀላፋል እንጂ። የምንለው መሪውን ከነስንቁ አስተምሩ ነው።

ስለዚህ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ አድዋን የሚያስተምር ሠልጣኝ አንድ የቤት ሥራ ይጨምር። ልጁ አያቱን ይጠይቅ፦ ኮርቻና ልጓም በአውኚ ምን ይባላል? ፈረስ በክረምት ምን ይበላል? ለዘመቻ የሚያዘው ስንቅ ምን ነበር? ማንስ አዘጋጀው? ጽፎ ያምጣ። ያመጡትን እዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን፤ ቦታ ከጠበበም ይህንን የእኛን ጽሑፍ ማንሣት ነው።