ፈንግልን ወደ ጓሮ የሚያስገባው የማን እግር ነው?

በአምቦና በወሊሶ መካከል በሚገኘው በሐሮ ወንጪ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ዶሮ ከቤተሰቡ ተለይታ አትኖርም። ቀን ከእንሰቱ ሥር ስትጭር ትውላለች፤ ሲመሽ ብዙ ጊዜ ከሰዉ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ታድራለች። እንቁላሏ ጨውና ዘይት ይገዛል፣ ለተማሪ ልጅ ደብተር ይሆናል። ገንዘቡም በአብዛኛው በእናት እጅ ያለ ነው። ዶሮ ሰውን ልታሳምም እንደምትችል ብዙ ተነግሯል። ሰውስ ዶሮውን ያሳምማል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም ሲነሳ አይሰማም።

መልሱ አዎን፣ ያሳምማል ነው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ የሚደርሰው ሰው ራሱ በታመመበት በሽታ ሳይሆን፣ ሳያውቀው ተሸክሞት በሚመጣው ነው።

ከሰው ወደ ወፍ በቀጥታ የተላለፈ በሽታ በዓለም ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተከሰተው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በቺሊ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ የእርባታ ወፎችን ይዞ የእንቁላል ምርታቸውን ቀንሷል። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነ የሳይንስ ጥናት ደግሞ በሰው ቆዳና አፍንጫ ላይ የሚኖር ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ከሰው ወደ ዶሮ ተሻግሮ በተለያዩ አገሮች መሠራጨቱን አረጋግጧል። ይህ ባክቴሪያ የዶሮን የእግር መገጣጠሚያ አሳብጦ ያሽመደምዳል። በአንጻሩ በኮቪድ 19 ወቅት በቤተ ሙከራ የተደረገ ፍተሻ ዶሮ በዚያ ቫይረስ እንደማትያዝ አሳይቷል። ስለዚህ ጉንፋን የያዘው ሁሉ ከዶሮው ይሽሽ ማለታችን አይደለም። እጁ ላይ መግል የቋጠረ ቁስል ያለበት ወይም ተቅማጥ የያዘው ሰው ግን እስኪሻለው ድረስ ጫጩቶቹን ሌላ ሰው ቢመግብለት ይመረጣል።

ትልቁ አደጋ ያለው በእግር፣ በእጅና በልብስ ላይ ነው። አርሶ አደሩ ፈንግል የሚለው በሽታ ቫይረስ በታመመች ዶሮ ኩስና ልጋግ ውስጥ ይገኛል። ኩሱን የረገጠ ጫማ፣ የታመመችውን የያዘ እጅ፣ ዶሮ የታሰረበት ቅርጫትና ጆንያ ቫይረሱን ከገበያ ወደ ጓሮ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ያደርሱታል። ባለቤቱ ጤነኛ ነው፤ ዶሮዎቹ ግን አረንጓዴ ተቅማጥ ይይዛቸዋል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ አንገታቸው ይጠመዘዛል። ክትባት ባላገኙ ዶሮዎች ላይ በሽታው ሲበረታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጓሮውን ባዶ ሊያስቀር ይችላል።

የበዓል ሰሞን ደግሞ አደጋው ይብሳል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ከየቀበሌው የመጡ ዶሮዎች በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ዶሮው ሲያዛጋ ያየ ሰው ሳይሞትብኝ ልሽጠው ብሎ ወደ ገበያ ይሮጣል። ያዳነው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ያሠራጨው በሽታ ግን የብዙ ቤቶችን ጓሮ ያራቁታል። ሻጩ ራሱም በጫማው ይዞት የሚመለሰው ይኸንኑ በሽታ ነው።

ሌላው ሊታረም የሚገባው ልማድ ለሰው የተሠራን የመድኃኒት እንክብል ፈትቶ በዶሮ ውኃ ውስጥ መበጥበጥ ነው። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ ቴትራሳይክሊን አያድነውም። ይልቁንም መድኃኒቱ በሥጋና በእንቁላል ውስጥ ቀርቶ ወደ ሰው ይመለሳል፤ ባክቴሪያዎችም መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያደርጋል።

መከላከያው ውድ አይደለም። ከገበያ የተመለሰ ሰው ዶሮዎቹን ከመንካቱ በፊት ጫማውን ይቀይር፣ እጁን በሳሙና ይታጠብ። አዲስ የተገዛች ዶሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ከተቻለ ሦስት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ፤ የምትመገበውም ከነባሮቹ በኋላ ይሁን። የሞተች ዶሮ በጥልቀት ትቀበር እንጂ ለውሻ አትጣል፣ ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ሐይቁ አትወርወር። ከቤት ውስጥ ይልቅ ቀላል የዶሮ ማደሪያ በጓሮ ቢሠራ ለሰውም ለዶሮም ጤና ነው።

ከሁሉ በላይ ዋስትና የሚሆነው ክትባት ነው። ቢሾፍቱ የሚገኘው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባት ያመርታል። ሙቀትን የተሻለ የሚቋቋመው ዓይነት በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ሲሆን በየሦስትና አራት ወሩ መደገም አለበት። የሚሰጠውም ለጤነኛ ዶሮ ነው፤ የታመመችውን አያድንም። አንድ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃና ከተከፈተ በኋላ የማይቆይ በመሆኑ፣ አምስት ዶሮ ያላት እናት ለብቻዋ ልትገዛው አትችልም። ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ በአንድ ቀን ማስከተብ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የወረዳ አመራሩና ባለሙያው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ይፋ ከተደረገ ወዲህ ዶሮን ለቤተሰብ ማዳረስ የየወረዳው ዕቅድ አካል ሆኗል። ይሁንና የተከፋፈለ ጫጩት ሁሉ ያደገ ዶሮ አይደለም። ሪፖርቱ ስንት ተከፋፈለ ከሚለው ቁጥር ጎን ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ በሕይወት አለ የሚለውንም ሊይዝ ይገባል። ክትባቱ ክረምቱና በዓላቱ ከመግባታቸው አስቀድሞ በቀበሌ የቀን መቁጠሪያ ወጥቶለት፣ ቀዝቃዛ ሰንሰለቱ ተጠብቆ፣ ማለዳ ዶሮዎቹ ከማደሪያቸው ሳይወጡ መሰጠት አለበት። ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው የእንስሳት ጤና ባለሙያም ጫማውን በየደጃፉ በፀረ ተህዋስያን በማጠብ አርአያ ይሁን። በሽታ መግባቱን ፈጥኖ የሚያሳውቅ አርሶ አደር ሊመሰገን እንጂ ሊወቀስ አይገባም፤ ወቀሳ የፈራ ሰው የታመመች ዶሮውን ይዞ ገበያ ይወጣልና።

ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ከተመረጠ ወዲህ ስሙ በሩቅ ይሰማል። መንገደኛ ሲበዛ ከመንደር መንደር የሚሻገር ጫማም ይበዛል። ለእንግዳው የሚቀርበው እንቁላልና የዶሮ ወጥ ከመንደሩ ጓሮ እንዲገኝ ከተፈለገ የጓሮው በር ሊጠበቅ ይገባል። ጥበቃውም የሚጀምረው ከባለቤቱ እግር ነው።