የአንድ ቀን ጉዞ፣ የዓመታት ሥራ
ጁን 6 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) አመሻሽ ላይ፣ በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት ለንደን ከተማ አንድ ሙስሊም ቤተሰብ በእግሩ ሊናፈስ ወጥቶ ሳለ አንድ ወጣት ሆን ብሎ መኪናውን ነዳባቸው። አያት፣ አባት፣ እናትና የ15 ዓመት ልጃገረድ ተገደሉ፤ የ9 ዓመቱ ልጅ ቆስሎ ብቻውን ተረፈ። አላህ ይዘንላቸው። ፍርድ ቤቱ በ2024 ድርጊቱ የሽብር ተግባር መሆኑን ወስኖ ገዳዩን በዕድሜ ልክ እስራት ቀጥቷል።

ከጥቃቱ 5 ቀናት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች፣ ሙስሊሙም ሌላውም፣ ከስፍራው ተነስተው 7 ኪሎ ሜትር ያህል በመጓዝ ለንደን ሙስሊም መስጂድ ደረሱ። የሟቿ ልጃገረድ ጓደኞችም ኢስላሞፎቢያን የሚታገል የወጣቶች ጥምረት መሠረቱ። ጉዞው በአንድ ምሽት አበቃ፤ እንዲህ ያለው የወጣቶች ሥራ ግን ዓመታትን፣ ገንዘብንም ይጠይቃል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጥቃት ሲደርስ ኪስ ይከፈታል፤ ዜናው ሲበርድ ይዘጋል። የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ ፎቶ ይነሳል፤ አንዲት ተማሪ በሒጃቧ ሳትሰደብ የዋለችበት ቀን ግን ፎቶ የለውም። ስለዚህ የመምህራን ሥልጠና፣ የጥቃት ጥቆማ መቀበያ ስልክና ለተበዳዮች የሚሰጥ የሕግ ድጋፍ ቋሚ ገቢ ያጣሉ።

ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚደረግ የእግር ጉዞ ይህን ክፍተት በከፊል ሊሞላ ይችላል። ተጓዡ የራሱን ብቻ አይሰጥም፤ ጎረቤቱንና የሥራ ባልደረባውን ቃል ያስገባል። መስጂድ ረግጦ የማያውቅ ሰው «ለምንድን ነው የምትጓዘው?» ብሎ ሲጠይቅ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

ሆኖም የሚሰበሰበው ገንዘብ አማና ነው። በእኛ እይታ አዘጋጆች ከጉዞው በፊት ሦስት ነገሮችን ግልጽ ማድረግ አለባቸው። አንደኛ፣ ገንዘቡ ለየትኛው ፕሮግራም፣ ለስንት ጊዜ እንደሚውል። ሁለተኛ፣ ዘካ ወይስ ሰደቃ መሆኑን፤ ዘካ በቁርኣን ለተወሰኑት 8 ክፍሎች ብቻ ስለሚሰጥ ዑለማ ሳይጠየቁ ለሥልጠናና ለዘመቻ ማዋል አይገባም። ሦስተኛ፣ ሒሳቡ መቼ ለሕዝብ እንደሚቀርብ። በካናዳ የተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት የበጀት ዓመቱ ካለቀ በ6 ወር ውስጥ ዓመታዊ ሪፖርት ለመንግሥት የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ አብዛኛው የሪፖርቱ ክፍልም ለማንም ክፍት ነው። ለጀማዓው ግን ከዚያም ቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

አንድ ነገር እንጨምር። በካናዳ የምንኖር ሐበሻና ሌሎች ጥቁር ሙስሊሞች በቆዳችንም በዲናችንም እንፈተናለን፤ አንዳንዴም በገዛ መስጂዳችን። ቢላልን (ረ.ዐ.) በኹጥባ ማወደስ ቀላል ነው። ጥቁሩን ወንድም ገንዘቡ በሚከፋፈልበት ኮሚቴ ማስቀመጥ ግን የእምነታችን መለኪያ ነው።

በሚቀጥለው ጉዞ ስንመዘገብ ከቲሸርቱ በፊት ዕቅዱን እንጠይቅ። ስንጨርስም በየወሩ ጥቂት ለመስጠት ቃል እንግባ፤ ጥቂትም ቢሆን የማይቋረጥ ሥራ አላህ ዘንድ ተወዳጅ ነውና።